ወንድሜ መናገር የተማረበት ቤት

ወንድሜ ማቲያስ የሞተው ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ነው። ቀብሩ ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እንዲሆን ተወሰነ። እስከዚያ የሕይወት ታሪኩ መጻፍ ነበረበት፤ የምጽፈውም እኔ ነበርኩ።

ሥራዬ ነው። ስድስት ኪሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ማዶ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሥራ ማመልከቻ እተይባለሁ። የሟች የሕይወት ታሪክም እንዲሁ። ልቅሶ ያለበት ሰው ገና ሲገባ ያስታውቃል። ወረፋ አይጋፋም፣ ዋጋ አይጠይቅም፣ የተጣጠፈ ወረቀትና አንድ ፎቶግራፍ ይዞ በር ላይ ይቆማል። አጻጻፉን ማንም አላስተማረኝም፤ ከሰው ሞት ነው የተማርኩት። ፎቶው በቀኝ በኩል ከላይ። ከአባቱ ከአቶ እገሌና ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት። ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ። ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ። የአዋቂ ሰው ዕድሜ አንድ ገጽ ተኩል ይሆናል። የወጣት አንድ ገጽ አይሞላም፤ ወረቀቱ ባዶ እንዳይመስል ፊደሉን ከፍ አደርገዋለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ልቅሶ ቤቱ በሰው ተሞልቶ የሚጻፍበት ቦታ ጠፋ። አባቴ "ሌላ ሰው እንዲጽፈው አልፈልግም" አለ። የሱቁ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅኩ ሁለታችን ወጥተን ሄድን። በሩን ግማሽ ከፍቼ ኮምፒውተሩን አበራሁ። አባቴ ደንበኞች የሚቀመጡበት ዱካ ላይ ተቀመጠና እየነገረኝ መጻፍ ጀመርኩ። የትውልድ ዓመቱን፣ የእናታችንን ስም፣ የተማረባቸውን ትምህርት ቤቶች ጻፍኩ። ከዚያ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና እንዲህ አለ፦

"በ2011 ዓመተ ምሕረት በቤተ ክርስቲያናችን በተካሄደ የጸሎት ፕሮግራም ላይ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ከነበረበት የመንተባተብ ችግር ጌታ ፈጽሞ ፈወሰው።"

እጄ ቆመ።

"ምነው? መብራት ሄደ?" አለኝ።

መብራት አልሄደም። ያ መስመር እውነት አልነበረም። አባቴ አያውቅም፣ እኔ አውቃለሁ። ማቲያስ ደግሞ ከመሞቱ ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ ይህ ነገር በስሙ እንዳይነበብ አደራ ብሎኛል።

ነገሩ የተጀመረው እትዬ ሸፊቃ ቤት ነው። ያኔ የምንኖረው ዶሮ ማነቂያ ነበር፤ ሰፈሩ ሳይፈርስና ሰዉ ሳይበተን። በራችን ከእትዬ ሸፊቃ በር ጋር ፊት ለፊት ነው፤ በመሃል ያለው መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። እሳቸው የወሎ ሰው ናቸው። ባላቸው ጋሽ ሙሄ አትክልት ተራ ሽንኩርት ያከፋፍሉ ነበር። ልጃቸው ረይሀና የማቲያስ እኩያ ናት። እናታችን ዘቢደር ስትሞት ማቲያስ ስምንት ዓመቱ፣ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባታችን ቀን ቀን ፊዚክስ ያስተምራል፣ ማታ ደግሞ የማታ ተማሪዎች አሉት፤ ከዚያ የተረፈው ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ የጉባኤው ሽማግሌ ስለሆነ። እኔ ሥራ ገባሁ። ማቲያስ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ቤት ወርውሮ እትዬ ሸፊቃ ቤት ይገባል፤ እኔ እስክመጣ እዚያ ነው።

ይንተባተብ ነበር። ትንሽ አይደለም። ስሙን ሲጠየቅ "ማ… ማ… ማ…" እያለ ፊቱ ይቀላል፣ አንገቱ ላይ ሥሩ ይገተራል፣ መጨረሻ ላይ ትቶት ዞር ይላል። የሰፈሩ ልጆች "ኔትወርክ ሄደበት!" ይሉታል። "ቆይ ጠብቁት፣ ጣቢያ እየፈለገ ነው!" ክብሪት ግዛ ብዬ ስልከው ሻማ ይዞ ይመጣል፤ ባለሱቁ በግምት የሰጠውን ተቀብሎ መሄድ ከመናገር ይቀለው ነበር። አባቴ በየእሑዱ ይዞት ይሄዳል፣ እጅ ይጫንበታል፣ ይጸለይለታል። ማቲያስ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል፣ እንደ ገባ ይመለሳል።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው በየቤቱ የውጭ አገር ድራማ በአማርኛ ድምፅ መታየት ጀመረ። እኛ ቤት አይከፈትም፤ አባታችን ከዜናና ከመዝሙር ሌላ አይፈቅድም። እትዬ ሸፊቃ ግን "የጨው ቤት" የሚባለው ድራማ አንድ ቀን አያመልጣቸውም። አንዲት የወደብ ከተማ አለች፤ በጨው ንግድ የከበሩ ሁለት ቤተሰቦች ይጣሉባታል፣ ልጆቻቸው ይዋደዳሉ። እትዬ ሸፊቃና ረይሀና ለፍቅረኞቹ ያለቅሳሉ። ማቲያስ የሚጠብቀው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ዳኛ ሪፋት የሚባል፣ ፀጉሩ የነጣ፣ ጥቁር ካፖርት የማያወልቅ ሽማግሌ። በየክፍሉ ቢወጣ ለአምስት ደቂቃ ነው። ሰው ፊቱ ቆሞ ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ ያለቅሳል። ዳኛው አይመልስም። አውራ ጣቱን የካፖርቱ ሁለተኛ ቁልፍ ላይ ያሳርፋል፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋል፣ ይቆያል። ከዚያ "እየሰማሁ ነው" ይላል። ደግሞ ይቆያል። ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ሁሉም ሰው ይሰማዋል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የእትዬ ሸፊቃ በር ክፍት ነበር። ራት ላይ ናቸው። ጋሽ ሙሄ ቀልደኛ ነበሩ፤ ማቲያስ ዳኛውን ሲያይ ትንፋሹን እንደሚውጥ አስተውለዋል መሰለኝ፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱት።

"ክቡር ዳኛ፣ ይቺ ሴትዮ ወጡ ላይ ጨው አብዝታ ልትገድለኝ ነው። ይፈረድልኝ!"

"ኧረ በአላህ! ጨው የሌለበት ወጥ የለመደ አፍ!" አሉ እትዬ ሸፊቃ።

ማቲያስ ቀና አለ። አውራ ጣቱን የዩኒፎርሙ ሹራብ ሁለተኛ ቁልፍ ላይ አሳረፈ። አንገቱን ዘንበል አደረገ። እኔ በሩ ላይ ነኝ፣ አላየኝም።

"እየሰማሁ ነው" አለ። ቆየ። "ከሳሹ ሦስት ጊዜ አስጨምሯል። ክሱ ተዘግቷል።"

አንድም ፊደል አልተደናቀፈም። ጋሽ ሙሄ ሊስቁ አፋቸውን ከፍተው እንደተከፈተ ቀረ። ረይሀና "እንዴ!" ስትል እትዬ ሸፊቃ ጉልበቷን ቆነጠጧት፤ "ዝም በይ፣ ብሉ" ብለው እንጀራ ጨመሩ። በዚያን ምሽት ማንም ነገሩን አላነሳም። በማግስቱ ግን እትዬ ሸፊቃ መተላለፊያው ላይ ያዙኝና "ፅናቴ፣ ልጁን አትንኩት። እየወጣለት ነው" አሉኝ።

እንደዚያ ሆነ። በስድስት ወር ውስጥ ዳቦ ራሱ መግዛት ጀመረ። ክፍል ውስጥ እጁን ያወጣል፤ ተነሥቶ ይቆማል፣ ይቆያል፣ "እየሰማሁ ነው ቲቸር" ይላል፣ ከዚያ ይመልሳል። ልጆቹ ኔትወርክ ማለቱን ተዉና "ዳኛው" አሉት። ኳስ ላይ ጠብ ሲነሣ "ዳኛው መጣ፣ ተነሡ!" ይላሉ። መጀመሪያ ለማፌዝ ነበር። ቆይቶ ግን እውነትም እየመጡ ይከሱለት ጀመር፤ እሱም የሁለቱንም ወገን ሰምቶ ይፈርዳል። ልጅ ሆኖ ሰው የሚሰማው፣ ራሱም ሰው የሚሰማ ሆነ።

ያልሆነለት ቦታ አንድ ነበር፤ አባታችን ፊት። አባቴ ሲገባ ጣቱ ቁልፉን ይፈልጋል፣ ዓይኑ ይሸሻል፣ "አ… አ… አባዬ" ይላል። አባቴም "አይዞህ፣ ጌታ ቀን አለው" ይለዋል። ማቲያስ በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውጪ ያለ ችግር እንደሚናገር አባቴ አያውቅም ነበር። እኔም አልነገርኩትም፤ ከነገርኩት ስለ ድራማው ይጠይቃል፣ ከጠየቀ እዚያ ቤት መዋሉን ይከለክላል ብዬ ፈራሁ።

በ2011 የሦስት ቀን የጸሎት ፕሮግራም ተደረገ። ከሌላ ከተማ የተጋበዘ አገልጋይ ነበር። በሦስተኛው ቀን አባቴ ማቲያስን እጁን ይዞ ወደ መድረክ ወጣ። ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። አገልጋዩ ጸለየ፣ አዳራሹ ጸለየ፣ ከዚያ ማይክራፎኑን አፉ ላይ አስጠግቶ "ስምህን ተናገር!" አለው።

እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ማቲያስ ያን ሁሉ ሕዝብ አየ። አውራ ጣቱ ወደ ሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ ሄደ። አንገቱ ዘንበል አለ። የጨው ቤቱ ዳኛ በእኛ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ሲቆም አየሁት።

"እየሰማሁ ነው" አለ። ቆየ። "ማቲያስ ጌቱ እባላለሁ።"

አዳራሹ ፈነዳ። አባቴ ተንበረከከ። "ማን ፈወሰህ?" አለ አገልጋዩ። ማቲያስ ቁልቁል አባቴን አየው። አባቴ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ እንባው በአገጩ ይወርዳል። ማቲያስ ብዙ ቆየ፤ ዳኛው እንኳ እንደዚያ አይቆይም።

"ኢየሱስ" አለ።

ያን ዕለት ቤት ስንደርስ መተላለፊያው ላይ ወደ ኋላ ጎተተኝ።

"ዋሸሁ፣ ፅንዬ።"

"አልዋሸህም። ደነገጥክ።"

"በጌታ ስም ነው የዋሸሁት። እሱን አልካድኩም፤ ያልሠራውን ሠራ ብዬ መሰከርኩበት።"

"ንገረዋ ለአባዬ። አሁን ግባና ንገረው።"

"ሲያለቅስ አላየሽውም? እማዬ ስትሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም።" ወደ በራችን ዞር አለና "ትንሽ ሲያድግ እነግረዋለሁ" አለ።

ሳቅኩ፤ እሱ ግን አልሳቀም። አባቴ ምስክርነቱን በየቤቱ፣ በየጉባኤው ይናገር ጀመር። በተናገረው ቁጥር ማቲያስ አጠገቡ ይቀመጣል። እትዬ ሸፊቃን "ለምን አይነግሩትም?" ብላቸው "እኔ በሃይማኖታችሁ ምን አግብቶኝ? የልጁ ምላስ ተፈታ፣ በቃኝ" አሉ።

ስለ ራሴ የማልወደውን ነገርም ልጻፍ። ማቲያስ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው ዳኛው ከእሱ አልወጣ አለኝ። ወጥ ጨምርልኝ ስለው ይቆያል። ስንጣላ "እየሰማሁ ነው" ይላል። አንድ ቀን ተናደድኩና "ሰውዬውን አስወጣና ወንድሜን ጥራልኝ!" አልኩት። አልተቆጣም።

"ያኛው ወንድምሽ ዳቦ መግዛት እንኳ አይችልም ነበር" አለኝ። "ስጀምር እሱን ሆኜ ነው፣ እውነትሽን ነው። መሃል ላይ ስደርስ ግን እኔ ነኝ። አንቺ መጀመሪያውን ብቻ ነው የምትሰሚው።"

  የቱን ወንድሜን እንደናፈቅኩ ዛሬ ቢጠይቁኝ የሚንተባተበውንም የሚቆየውንም እላለሁ።

በዚያው ዓመት ለዳኛው የአማርኛ ድምፅ የሰጠው ሰው በሬድዮ ቃለ መጠይቅ ሲደረግለት ማቲያስ ሰማ። ጋዜጠኛዋ "ያ ግርማ ሞገስ ያለው ዝምታ ከየት መጣ?" ብላ ጠየቀች። ሰውዬው ሳቀ። "ዋናው ተዋናይ በራሱ ቋንቋ ሲናገር አፉን ቀስ ብሎ ነው የሚከፍተው፣ የእኛ ትርጉም አጭር ይሆናል፣ ስለዚህ ከንፈሩ እስኪንቀሳቀስ እጠብቃለሁ፤ ሌላ ምስጢር የለውም" አለ። ማቲያስ ሱቅ ድረስ ሮጦ መጥቶ ነገረኝ። በሳቅ እንባው ፈሰሰ። "ፅንዬ፣ የኔ አንደበት እኮ ከንፈር ሲጠብቁ የተሠራ ነው!" አለ። ያዝናል ብዬ ነበር፤ አላዘነም። "በቃ፣ እሱም ተራ እስኪደርሰው ነው የቆየው" አለ።

ያ ዳኛ ሕግ እንዲያጠና አደረገው ብል ማጋነን አይሆንም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግ መረጠ፤ እኔ ከምሠራበት ሱቅ መንገዱን ተሻግሮ ማለት ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ነበር። ስለ ሐሰተኛ ምስክርነት የተማረ ቀን ሱቅ ገብቶ ዱካው ላይ ተቀመጠና "ዛሬ ስለ እኔ ተማርን" አለኝ።

ጥቅምት ላይ ደሙን ሲመረምሩ የደም ካንሰር ነው አሉን። በሁለት ወር ውስጥ ሰውነቱ አለቀ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ያልጠበቅነው ነገር መጣ፤ መንተባተቡ ተመለሰ። ለመቆየት ትንፋሽ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ትንፋሽ አልነበረውም። ቃሉ ሳይዘጋጅ ይወጣል፣ ይሰበራል። እትዬ ሸፊቃ ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው በሁለት ታክሲ እየመጡ፣ ስሙን እንዲጠራ ሳያደርጉ፣ ዝም ብለው እጁን ያሻሹለት ነበር። ሲወጡ "አብሽሩ" ይሉናል፤ ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን ሲደርሱ ያለቅሳሉ።

አባቴን ግን መንተባተቡ ከበሽታው በላይ አስደነገጠው። አንድ ከሰዓት በኋላ ማቲያስ ትራሱን ተደግፎ ቀና አለ።

"አ… አ… አባዬ፣ ያ… ያኔ መ… መድረክ ላይ…"

አባቴ ብድግ ብሎ አፉን በእጁ ያዘው። በኃይል አይደለም፤ የሚያቃጥል ነገር ሊነካ የሄደን ሕፃን እንደሚይዙት ነው። "ተው ልጄ፣ አትናገር። ጠላት የተሰጠህን ሊነጥቅህ ነው። አንሰጠውም" አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ መጸለይ ጀመረ። ማቲያስ ከእጁ በላይ እኔን አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

አባቴ ሲሄድ ቀስ እያለ፣ ብዙ እየሰበረ ነገረኝ። እንደተናገረው አልጽፈውም፤ ሐሳቡ ግን ለአባቴ እውነቱን መንገር ነበር። "ጻፍለትና ልስጠው" አልኩት። እምቢ አለ። "የዋሸሁት በአፌ ነው፣ በአፌ ነበር መመለስ የነበረብኝ። እኔ ካልቻልኩ አንቺ ንገሪው። የሕይወት ታሪኬን መቼም የምትጽፊው አንቺ ነሽ፤ ያ ነገር እንዳይነበብብኝ።"

"አትሞትም፣ ዝም በል" አልኩት።

"ፎቶም ደህና ምረጪልኝ። የመታወቂያዬን እንዳታደርጊው፣ ሌባ አስመስሎኛል።"

ሱቅ ውስጥ አባቴ እየጠበቀኝ ነው። "ቀጥዪ እንጂ" አለ።

"አባዬ፣ ይሄ አልሆነም።"

"ምኑ?"

"በዚያ ፕሮግራም አይደለም መናገር የጀመረው። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ሙሉ ይናገር ነበር።"

"እኔ አባቱ ነኝ። አላውቅም እንዴ?"

"አንተ ፊት አይችልም ነበር። አንተ ስትመጣ ሰውዬው ይጠፋበታል።"

"የቱ ሰውዬ?"

ሁሉንም ነገርኩት። ስለ እትዬ ሸፊቃ ቤት፣ ስለ ድራማው፣ ስለ ቁልፉ፣ መተላለፊያው ላይ "ዋሸሁ" ስላለኝ። አባቴ ሲሰማ ፊቱ አልተለወጠም። ሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪ የማይረባ ምክንያት ሲደረድርለት የሰማ ሰው ነው። ስጨርስ "ሐዘን ሰው ብዙ ያናግራል። እንደነገርኩሽ ጻፊው" አለኝ።

ስልኬን አወጣሁ። ያ ድራማ አሁንም ኢንተርኔት ላይ አለ። ዳኛው ያለበትን ፈልጌ አባቴ እጅ ላይ አኖርኩት። መነጽሩን አደረገ። አንዲት ሴት ችሎት ፊት ቆማ ትጮኻለች። ነጭ ፀጉር ያለው ሰው አይመልስላትም። አውራ ጣቱ ካፖርቱ ላይ ሄደ። አንገቱ ዘንበል አለ። ቆየ።

"መልሺው" አለኝ አባቴ።

መለስኩት። አየ። ደግሞ "መልሺው" አለ። በሦስተኛው ላይ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

"አንገቱን እንዲህ የሚያዘነብለው…" አለ። "እኔ እኮ ከእናቱ የወረሰው ይመስለኝ ነበር። ዘቢደርን ወጣ እያልኩ ነበር የማየው።"

ማቲያስ ከሞተ ጀምሮ አባቴ አላለቀሰም ነበር። ያኔ አለቀሰ፤ ድምፅ ሳያወጣ፣ የማያውቀውን ሰው ፊት እያየ። እኔ ከዱካው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ለምን አልነገረኝም?" አለኝ በመጨረሻ።

"ሊነግርህ ነበር። ሆስፒታል።"

 ከዚያ ቀኝ እጁን ገልብጦ መዳፉን አየው። ብዙ ጊዜ አየው። 

"ያንን መስመር አውጪው" አለ።

አወጣሁት። "በምን ልተካው?"

"በምንም። አትሚው።"

መቶ ሃምሳ ቅጂ አተምኩ። ፎቶው ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ረይሀና ያነሣችው ነው፤ ሊስቅ ሲል።

ጉለሌ መቃብር ስፍራ ስንደርስ ሰው ብዙ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የክፍል ጓደኞቹ፣ ከየተበተኑበት የመጡ የዶሮ ማነቂያ ሰዎች። ጋሽ ሙሄ ከወንዶቹ ጋር ነበሩ። እትዬ ሸፊቃ አልገቡም። በእነሱ ዘንድ ሴት ቀብር አትወጣም፤ እሳቸው ግን ቤትም መቅረት አልቻሉምና ከረይሀና ጋር ከበሩ ውጪ አጥሩን ይዘው ቆሙ።

ማንበብ ጀመርኩ። የሰው ወረቀት ሲነበብ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ የራሴን አንብቤ አላውቅም። ተወለደ። እናቱን በሞት አጣ። አንደኛ ደረጃን ጨረሰ፣ ሁለተኛ ደረጃን ገባ። ቀጣዩ መስመር በ2015 ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ነው። ወደዚያ ልሻገር ስል ከሽማግሌዎቹ መካከል አቶ አርአያ እጃቸውን አነሡ።

"እህት ፅናት፣ ይቅርታ። ፈውሱ ተዘለለ። ይህ ልጅ እኮ ምስክራችን ነው። ለጌታ ክብር ይነበብ እንጂ!"

"አሜን!" አለ ሰው። "ይነበብ!" አለ ሌላ።

ወረቀቱን አየሁ፣ ስለ ፈውሱ ምንም የለበትም። የማቲያስ አደራ ግን አለ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በአባቴ ፊት፣ በሣጥኑ አጠገብ ልናገረው ነው ወይስ ላልፈው ነው? አፌን ስከፍት አባቴ ከሣጥኑ ራስጌ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣና ማይክራፎኑን ከእጄ ወሰደው።

"አልተዘለለም። እኔ ነኝ ያስወጣሁት" አለ።

ወደ ሕዝቡ ዞረ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ፈተና አርሜያለሁ። የተሳሳተ መልስ አይቼ አላልፍም። ስድስት ዓመት እናንተ ፊት እየቆምኩ ልጄ በዚያ መድረክ ላይ አንደበቱ ተፈታ ብያችኋለሁ። ተሳስቻለሁ። ልጄ መናገር የተማረው በጎረቤቴ በወይዘሮ ሸፊቃ ቤት ነው፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚወጣ አንድ ዳኛ እያየ። ምግብ የሰጡት፣ ዝም ብለው የጠበቁት እነሱ ናቸው። እኔ አልጠበቅኩትም፣ ቸኮልኩበት። ተፈወስኩ ያለው እኔን ላለማሳፈር ነው። ቀኑ ሲደርስ ሊነግረኝ ፈልጎ ነበር፤ አፉን ያዝኩት።"

"ወንድም ጌቱ" አሉ አቶ አርአያ በለሆሳስ፣ "ሐዘን ነው የሚያናግርህ።"

"አዎ፣ ሐዘን ነው" አለ አባቴ። "የምናገረው ግን እውነቱን ነው።"

አንዳንዱ ሰው መሬት መሬት አየ። አንዲት ሴት "ወይ ጌታ ሆይ" ስትል ተሰማኝ። የተቆጣች አይመስለኝም፣ ያዘነችም አይመስለኝም፤ ምን ማለት እንዳለባት ያላወቀች ይመስለኛል። ጋሽ ሙሄ ከወንዶቹ መካከል ወጥተው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ጨምድደው፣ ወደ በሩ ሲሄዱ አየኋቸው። ድምፅ ማጉያው እስከዚያ ደርሶ እንደሆነ አላውቅም። ብቻ ባለቤታቸው አጠገብ ደርሰው ጎንበስ ብለው ሲነግሯቸው፣ እትዬ ሸፊቃ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሲጭኑ ከሩቅ ይታየኝ ነበር።

አባቴ ማይክራፎኑን መለሰልኝ። 

"ቀጥዪ" አለኝ።

"በ2015 ዓመተ ምሕረት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሕግ ትምህርቱን መከታተል ጀመረ" ብዬ አነበብኩ። ይህኛው እውነት ነበር፤ ሳልቆም አነበብኩት።